የጠርሙሱ አንገት

እትዬ ዝማም ማረፋቸውን በሰማሁበት ሰዓት ሐሙሲት ገበያ ከአንድ ማር ሻጭ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር። ሰውዬው ማሩን በነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ መጥቷል፤ እኔ ደግሞ ባልዲው ቀድሞ ምን ተይዞበት እንደነበር ካልነገርከኝ አልገዛም ብዬ ድርቅ ብያለሁ። "ማር ነው የምትገዢው፣ ባልዲው ምን ያደርግልሻል?" ይለኛል። ስልኬ ጮኸ። ትዕግስት ነበረች፣ የእትዬ ዝማም የወንድም ልጅ፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። "ስንዱ፣ እትዬ አረፉ" አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ከአፌ የወጣው ግን ለማር ሻጩ የጀመርኩት ጥያቄ ነው፦ "ምን ነበረበት?"

ጥያቄው የእሳቸው ነው። እትዬ ዝማም ሰው ቤት ሲገቡ ከሰው በፊት ሰላምታ የሚሰጡት ለዕቃው ነበር። ገና ሳይቀመጡ ጥግ የቆመውን ጀሪካን በጥፍራቸው ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን ይደቅኑበታል። ከዚያ "ምን ነበረበት?" ይላሉ። ባለቤቲቱ "ውኃ" ብትል "ከውኃው በፊትስ?" ነው። "ዘይት" ብትል "የሚበላ ዘይት ነው መኪና የሚጠጣው?" ነው። ለእንግድነት የመጡ ሳይሆን ለፍተሻ የተላኩ ነው የሚመስሉት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ ጀሪካኑን አልጋ ስር መደበቅ ለምዶ ነበር። እኔማ ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት አንድ ግቢ ስኖር ስንቴ አፍሬ መሬት ዋጪኝ እንዳልኩ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

በልቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አያ ሞላ ወሬ ጀመሩ። አያ ሞላ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ናቸው፤ ቀልድ ይችላሉ፤ ልቅሶ ቤት ደግሞ ሦስተኛው ቀን ላይ ትንሽ ቀልድ ይፈልጋል። "ነፍሷን ይማርና" አሉ፣ "ዝማም ዕድሜዋን ሙሉ ጠርሙስ ጠርሙስ ስትል ኖራ፣ ያው ጠርሙሷ ፈንድቶ እጇን አሳጣት። እኛ ግን ይኸው በፕላስቲካችን፤ ጣታችንም አለ፣ ጠላችንም አለ።" ሰው ሳቀ። ንፍሮዬን በእፍኜ እንደያዝኩ አንገቴን ደፋሁ።

ታሪኩ ውሸት ነውና። ጠርሙሱ በራሱ ጥፋት አልፈነዳም፤ በእሳቸውም ጥፋት አልፈነዳም። ደብረ ታቦር ላይ በመጠጥ ዕቃ ነገር ቃሏ የሚታመን አንዲት ሴት ነበረች፤ ያ ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ መሳቂያ ሆኖ ቀረ። መሳቂያ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ይህንን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ከአረብ አገር የተመለስኩ ጊዜ ገሳይ፣ ወላጆቼ ዘንድ፣ ሁለት ወር እንኳ አልቆየሁም። የገብስ አጨዳ እጄ ረስቶታል፤ የሰዉም ዓይን አላስቀምጥ አለኝ። ደብረ ታቦር መጥቼ ቤት ስፈልግ ወደ እትዬ ዝማም ግቢ ጠቆሙኝ። ሲያዩኝ ስሜን አልጠየቁም። እጄን ይዘው አውራ ጣቴን ገልበጥ አደረጉ። በጣቴ ሆድ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወፍራም ጠባሳ አለብኝ።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"የቆርቆሮ ክዳን ነው እትዬ፤ ኩዌት፣ ሰው ቤት ስሠራ..."

"ቆይ። አላሰፉሽም?"

"እመቤቲቱ ሐኪም ቤት..."

"ቆይ። ገባኝ። አረብ አገር ማኅተሙን አሳርፎብሽ ሰደደሽ። ግቢ፣ ያቺ ክፍል ፀሐይ ታገኛለች።"

"ቆይ" ማለታቸው ሌላው ጣጣቸው ነው። እትዬ ዝማም ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የጨረሰ ሰው አላውቅም። ቄሱም አልጨረሱ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም አልጨረሰ። ሰው አፉን ሲከፍት መጨረሻው ይታያቸዋል፤ ታያቸውም አልታያቸውም "ቆይ" ይላሉ። አንዳንዴ በንዴት ወደ ክፍሌ ገብቼ፣ ያቋረጡኝን ወሬ ለግድግዳው እጨርስለት ነበር።

ሥራቸው ጠጅ መጣል ነው። ጠላም ይጠምቃሉ፤ ስማቸው የወጣው ግን በጠጅ ነው። ጠጁን የሚጥሉት በሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች ነበር፤ ሆዳቸው የሦስት ወር ጥጃ የሚያህል፣ አንገታቸው ቀጭን፣ ገላቸው በቀርከሃ ስንጥር የተሸመነ፣ ከሽመናው መሐል በአንድ በኩል መዳፍ የምታህል መስኮት የተተወችላቸው። በዚያች መስኮት ጠጁ ሲፈላ ይታያል። አንዱን ድሮ ጠጅ ይጥሉበት ከነበረ ትልቅ ቤት በስጦታ አግኝተውታል። ሁለተኛውን የገዙት ሐሙሲት ነው፤ ያን ዕለት እኔ አብሬያቸው ነበርኩና አልረሳውም። ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡትና ራሳቸው ከጎኑ ቆሙ።

"እናቴ፣ ዕቃው ላይ ይውጣ" አለ ሾፌሩ።

"ምን ዕቃ አለ? መንገደኛ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ይቆማሉ?"

"እኔ ብወድቅ እነሣለሁ። እሱ ይነሣል?"

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ሁለታችን ቆመን፣ ጠርሙሱ ተቀምጦ፣ ደብረ ታቦር ገባን። መንገዱ ሲያንገጫግጨን "ስንዱ፣ ደግፊው" ይሉኛል፤ እኔን ግን "ተደገፊ" ያለኝ የለም።

ፕላስቲክን እንዴት እንደሚጠሉት ልንገራችሁ። እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነኝ፤ ያወቅኩትን ያወቅኩት አረብ አገር የሳሙናውንም የዱቄቱንም ማሸጊያ ጽሑፍ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ፣ በኋላም ከስልክ ላይ እየሰማሁ ነው። እናም አንድ ቀን ባሕር ዳር ወርጄ፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ ነጭ በርሜል ገዝቼ መጣሁ። ሰፊ አፍ አለው፤ እጅ ይገባበታል፤ ቢወድቅ አይሰበር። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

"ምን ነበረበት?" አሉኝ።

"እትዬ፣ አዲስ ነው። ገና ከፋብሪካው..."

"ቆይ። ፋብሪካው ውስጥ ምን ነበረበት?"

"ጠርሙስ ይሰበራል እኮ እትዬ። ስብርባሪው አንጀት ቢገባስ?"

"ይሰበር። ስብርባሪ ይታየኛል፤ እጥለዋለሁ። ፕላስቲክ የጠጣውን መርዝ በምን ዓይኔ ላየው ነው? ፕላስቲክ ያኮርፋል ስንዱ፤ ያስገቡበትን አይረሳም። ጠርሙስ በፈላ ውኃ ታጥቦ ሲደርቅ ትናንት የለውም።"

በርሜሌ የጤፍ ማስቀመጫ ሆነ። ቢያናድደኝም ልክ የሆኑበት ነገር ነበር። ገበያችን የሚሸጠው ፕላስቲክ እኮ አብዛኛው አዲስ አይደለም። የቀለም ባልዲ አለ፤ የሞተር ዘይት ጀሪካን አለ፤ ገበሬው ጤፉ ላይ የረጨው የአረም መድኃኒት የመጣበት ጀሪካን በአመድ ታሽቶ "ንጹሕ ነው" ተብሎ ይሸጣል። በአመድና በአሸዋ ሲያሹት ደግሞ ውስጡ ይጫጫራል፤ ጭረቱ ውስጥ የገባ ቆሻሻ በምንም አይወጣም። እሳቸው ይህን ሁሉ ያለማንም አስተማሪ፣ በአፍንጫቸው ብቻ ያውቁ ነበር። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ጠላ ቀርቦላቸው ብርጭቆውን አሽትተው መለሱና "ይህን ጠላ ጠጥቼ ቤቴን ልቀባበት ነው?" አሉ። አስተናጋጇ ደነገጠች። ጓዳ ገብተው ሲያዩት የቀለም ባልዲ ነበር። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ አፈሩ፤ እኔ በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ፤ እሳቸው ብቻ ውኃ አስመጥተው ተረጋግተው ጠጡ። እንዲህ ነበር ቃላቸው። ያበሳጫል፣ ይታመናል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ትዕግስት ልትዳር ነው፤ ሠርጉ ጥር ላይ ነው። እትዬ ዝማም ለሠርጉ ሁለቱንም ጠርሙስ ሞልተው ጥለዋል። አፋቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ በክር ላላ አድርገው አስረውታል። በመሐል ጋፋት ያለው ወንድማቸው፣ የትዕግስት አባት፣ ታሞ ላኩባቸው። ለሁለት ቀን ሊሄዱ ሲነሡ ጠጁ የተጣለበት ቤት በር ላይ አቆሙኝ።

"ስንዱ፣ አትንኪው። እይው ብቻ።"

"እሺ እትዬ።"

"እጅሽ ሥራ ሲያጣ አይወድም። ዐውቅሻለሁ። እይው ብቻ።"

በመጀመሪያው ቀን አየሁት። በሁለተኛው ቀን አየሁት። ጨርቁ ላይ ደቃቅ ዝንቦች ሰፍረዋል፤ ክፍሉ በጠጁ ሽታ ታፍኗል። የጠጁ ኃይል በጨርቁ አልፎ እየበነነ የሚያልቅ መሰለኝ። እናቴ ገሳይ ጠላ ስትጠምቅ የጋኑን አፍ ከድና፣ በጭቃና በእበት መርጋ፣ በመዳፏ ለስልሳ ነው የምትተወው። ያልተመረገ ጋን ያላት ሴት ሰነፍ ትባላለች። እኔም በዚያ ነው ያደግኩት። እትዬ ዝማምስ ለጠላቸው ጋን ይመርጉ የለ? ጠርሙሱን ያልመረጉት እርጅና ቢጫጫናቸው ነው አልኩ። አቤት ድፍረቴ።

የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልዬ አንደኛው ጠርሙስ አንገት ውስጥ በድንጋይ እየመታሁ ቀረቀርኩት። በላዩ በሲባጎ አጥብቄ ጠፈርኩት። በሲባጎው ላይ ጭቃና ጭድ ለውሼ መረግኩ። ዙሪያውን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አሳመርኩት። እጄን ታጥቤ ቆሜ ሳየው ኮራሁ። ሁለተኛውን ጭቃው ስላለቀብኝ ለከሰዓት አቆየሁት። ሁለተኛውን ያተረፈው የጭቃው ማለቅ ነው።

ያላወቅኩት ይህ ነው፤ ጋን ሸክላ ነው፣ ገላው ያልበዋል፣ ትንፋሹን በገላው ያወጣል፤ ጭቃውም ራሱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠርሙስ ግን ከአፉ በቀር መተንፈሻ የለውም። የሚፈላ ጠጅ አፉን ጠፍሮ ማሰር ድስት ከድኖ ክዳኑ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ይህን ዛሬ ማንኛዋም ጠጅ ጣይ ትነግራችኋለች። ያኔ የነገረኝ አልነበረም እንዳልል፣ ሴትዮዋ "አትንኪው" ብለውኛል።

እትዬ ዝማም ስምንት ሰዓት ገደማ ከጋፋት በእግራቸው ደረሱ። እኔ ጓሮ ጭቃ ስለውስ እግሬ ሁሉ ጭቃ ነበር። እንደ ልማዳቸው ሳይቀመጡ ወደ ጠጅ ቤቱ ገቡ። ወዲያው ድምፃቸው መጣ፦ "ስንዱ፣ እንዳትገቢ።" በቆሻሻ እግር ወደዚያ ቤት መግባት ሁልጊዜ ይከለክሉኛልና አልገረመኝም። እግሬን ልታጠብ ጎንበስ ስል የሆነ ነገር ፈነዳ። የመኪና ጎማ የፈነዳ ነበር የመሰለኝ።

ስገባ ወለሉ ጠጅና ጠርሙስ ነው። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ቀኝ እጃቸው ደም በደም ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ባጃጅ መጣ። በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል፤ ልቀበልዎ ብል አሻፈረኝ አሉ። ውዳሴ ማርያማቸውን ያለሱ የትም ስለማይሄዱ እሱን የጠቀለሉ መሰለኝና ተውኳቸው። በዚህ ሰዓት እንኳ ይከራከራሉ ብዬ ውስጤ ብግን አለ።

ሐኪም ቤት ወጣቷ ሐኪም "ምን ሆነው ነው?" ስትል አፌን ከፈትኩ።

"ቆይ" አሉኝ። ወደ እሷ ዞሩ። "ጠርሙስ ነው። ጠጅ ነበረበት። እሳት ዳር አስጠግቼው ሄድኩና ፈነዳ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጠርሙሱ ከምድጃ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንኳ አልነበረም። ሕመሙ እያስቀባዠራቸው ነው አልኩ። ማታ ተመልሼ ወለሉን ሳጥብ የተመረገውን አንገት ፈለግኩት፤ ልደብቀው ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። የለም። የጠረጉት ጎረቤቶች ከስብርባሪው ጋር ጥለውታል ብዬ ተነፈስኩ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፣ እሳቸውም ከመንገድ መግባታቸው ነው፤ አላዩትም፤ እግዚአብሔር ሸፈነኝ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ቁስሉ ዳነ፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። ሠርጉ በቀረው ጠርሙስና በጠላ ተወጣ። ከሠርጉ በኋላ የመጣው ነው የከፋው። "የዝማም ጠርሙስ ፈነዳ" የሚለው ወሬ ከገበያ ገበያ ዞረ። ያን ሁሉ ዓመት በአፍንጫቸው የተማረረ ሁሉ ጊዜው ደረሰለት። ቤት ገብተው ጀሪካን ሲያንኳኩ "እትዬ፣ ይሄ አይፈነዳም፣ አይስጉ" ይሏቸዋል። ሴቶቹ ሸክላውን ሳይቀር ትተው ጠላቸውን በጀሪካን መጥመቅ ጀመሩ። ለሁሉ መልስ የነበራቸው ሴት ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ።

የቆየ ቃላቸው የሚያስፈልግበት ቀን መጣ። የሚካኤል ማኅበር አያ ሞላ ቤት ደረሰ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ጠላውን በሦስት ጀሪካን ጠምቃለች። እትዬ ዝማም ብርጭቆውን አፍንጫቸው ድረስ አንሥተው አስቀመጡት።

"ብርቄ፣ ምን ነበረበት?"

"ዘይት ነው እትዬ።"

"ይህ ዘይት አይደለም። የአረም መድኃኒት ነው። አትጠጡ።"

አያ ሞላ ከጣሪያ በላይ ሳቁ። "ዝማም፣ ያንቺ ጠርሙስ ነው እንጂ ፕላስቲክ ፈንድቶ ያውቃል? ጠጡ ጎበዝ።"

ሰው ጠጣ። ከዓመት በፊት ቢሆን አንድም አይጠጣም ነበር። በማግስቱ ስምንት ሰው ሲያስመልሰው፣ ብርቄ ራሷ ሁለት ቀን ተኛች። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። ምክንያቱ ምን ተባለ መሰላችሁ? ጎመኑ።

ከዚያ ማኅበር ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆምኳቸው። "እትዬ፣ ነገ አያ ሞላ ዘንድ ሄጄ ልነግራቸው ነው። ያ ጠርሙስ እኮ..."

"ቆይ" አሉኝ። "ጠርሙስ ጠርሙስ አትበይብኝ፤ ሰለቸኝ። ስትደርሺ ጌሾውን ፀሐይ ላይ አውጪ።"

ጠርሙስ የሰለቻቸው እትዬ ዝማም ናቸው እንግዲህ። ከዚያ በፊትም ቁስላቸውን ሳጥብ ጀምሬው "ቆይ፣ ውኃው ፈልቷል?" ብለው አቋርጠውኛል። በፍልሰታ ጾም፣ ለንስሐ አባቴ ከመናገሬ በፊት ለእሳቸው ልንገር ብዬ ተንበርክኬ ሁሉ ጀምሬያለሁ፤ "ቆይ፣ ጉልበትሽ ስር ብቅሉን እያደቀቅሽው ነው" አሉኝ። እኔ ደግሞ በተቋረጥኩ ቁጥር ውስጤ ደስ ይለዋል። ሞከርኩ፣ አልሰሙኝም እላለሁ። ያናደዱኝን ያህል አመቹኝ።

ጣቶቻቸው እንቢ ሲሉ "እጅሽን አውሽኝ" ብለው ሥራውን ለእኔ አደረጉት። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ እኔ እጥላለሁ፤ በስሜም መሸጥ ጀመርኩ። ሲውል ሲያድር ጠጁ ለአንድ ጠርሙስ በዛ። አንድ ቀን "ያን ነጭ በርሜልሽን አምጪው" አሉኝ። የፈላ ውኃ አስሞሉኝና ከደኑት። በማግስቱ ከውኃው ቀድተው ጠጡ። በሦስተኛው ቀን ጠጡ። ሳምንት ሙሉ ያን ለብ ያለ ውኃ እንደ ጸበል ሲጠጡ እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። በስምንተኛው ቀን ከንፈራቸውን ጠረጉና "ከጤፉ በቀር ምንም አልነበረበትም" አሉ። ከዚያም ሕጉን አወጡ፤ በለስላሳ ጨርቅ እንጂ በአሸዋ አይታሽም፤ ከተጫረ ይጣላል፤ ክዳኑ አይጠብቅም፤ ከጠጅ በቀር ምንም አይገባበትም። እኔ ገና በገዛሁት ቀን የነገርኳቸውን ነው መልሰው ያስተማሩኝ። ለስላሳ ጨርቅ ፍለጋ ገባሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

እንግዲህ አርባቸው ደረሰ። ጠዋት ድንኳኑ ሳይሞላ ትዕግስት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ክፍሌ መጣች።

"ሣጥናቸው ስር ነበር። ለስንዱ ስጫት፣ ስትሰጫት ምንም አትበያት ብለውኛል" አለችና ወጣች።

ፈታሁት። ነጠላው ላይ የደረቀ የቆየ ደም አለ። ውስጡ የጠርሙሱ አንገት ነው፤ ከትከሻው ላይ የተቆረጠ፣ ቆረቆንዳው እንደተቀረቀረ፣ ሲባጎው እንደተጠፈረ፣ ምርጊቱ እንደ ሸክላ ደርቆ። ሲባጎው በአንድ በኩል በቢላ ግማሽ ድረስ ተበጥሷል፤ ሊፈቱት ሲሞክሩ ነው የፈነዳው። ምርጊቱ ዙሪያ የአውራ ጣት ጫና አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያንዳንዱ መሐል ለመሐል ከዳር እስከ ዳር ገደል የመሰለ መስመር ተሰምሮበታል። የእኔ ጠባሳ ነው። ጣቴን አስገባሁት፤ ልክ ነው።

"እንዳትገቢ" ያሉኝ ለጭቃዬ አልነበረም። ደም እየፈሰሳቸው ነጠላቸው ውስጥ የደበቁት ውዳሴ ማርያም አልነበረም። ከአረብ አገር የመጣችን ሴት ሰፈሩ በምን ዓይን እንደሚያያት ያውቃሉ፤ ያን አንገት ጎረቤት ቢያገኘው ከእጄ የሚቀምስ ሰው እንደማይኖር ያውቃሉ። ስለዚህ ያን የሚታመን ቃላቸውን ሰጡልኝ። ሲሰጡኝም አልጠየቁኝም። ተቀምጬ ምንኛ እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። ስምንት ሰው ያስመለሰው ቀን እንኳ ቢያናግሩኝ ምናለበት?

ቀን ላይ ድንኳኑ ሞላ። ከተዝካሩ ምግብ በኋላ አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "እንግዲህ ዝማም ነፍሷን ይማርና፣ ያ ጠርሙሷ..." ብለው ጀመሩ።

"ይቆዩ አያ" አልኳቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንገቱን ከነጠላው አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

አነሡት፤ አገላበጡት። የዕድሜ ልክ ጠጅ ጠጪ ናቸው፤ የጠርሙስ አንገት ግን ሲመረግ አይተው አያውቁም። "ይሄን ማን መረገው?"

አውራ ጣቴን ምርጊቱ ላይ አስገባሁ። ከአንዱ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። አያ ሞላ ጣቴን አዩ፤ ምርጊቱን አዩ፤ መልሰው ጣቴን አዩ።

"እሳት ዳር አልነበረም" አልኩ። "አትንኪው ብለውኝ ነበር። እኔ መረግኩት።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገርሽም?"

"አላናገሩኝማ።"

በመጀመሪያ ትዕግስት ናት የሳቀችው። ቀጥሎ ቄሱ። ከዚያ እሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ፣ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ፣ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። አያ ሞላ ግን አልሳቁም። አንገቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆዩ፤ ቀስ ብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ አሸተቱት። በቀስታ አስቀመጡት።

በማግስቱ ጠዋት ከድንኳኑ ዕቃ ስንሰበስብ ወይዘሮ ብርቄ ሦስት ጀሪካን በገመድ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። "ሞላ ነው የላከኝ። እስቲ አሽትቺልኝ" አለችኝ።

የመጀመሪያውን በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግኩት። ከፈትኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ብርቄ፣ ምን ነበረበት?"

"ዘይት።"

"ከዘይቱ በፊትስ?"

ብርቄ እግሯን አየች፤ ሰማዩን አየች። "እንግዲህ የዚያን ጊዜ... የጤፉን አረም..."

"ቆይ" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እግዜር ይይልዎ፣ እትዬ ዝማም።